በአሮጌው ካምፕ ለሜዳ ፍየል የዘራነው

ባዶ ሜዳ ላይ መታጠፊያ የሚያገኝ ሰው ያየሁት በእሷ ነው። ከሐርተሼክ ወጣ ብሎ፣ ድሮ የስደተኞች ካምፕ የነበረው ሜዳ ላይ ነን። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ዐይን የሚያርፍበት ጉብታ እንኳ የለ። ቀጥ ብዬ ልሄድ ስል ክንዴን ያዘችና «በዚያ አይደለም፤ የሰው ቤት ነው» አለችኝ። ከዚያ ጥቂት ወደ ፊት ተራምዳ ወደ ግራ ታጠፈች፣ ትንሽ ሄዳ ደግሞ ወደ ቀኝ። ተከተልኳት። እኔ የሚታየኝ የተሰነጣጠቀ አፈርና ነፋስ የሚያንከባልለው ላስቲክ ነው። እሷ የምትሄደው ግን በድንኳኖች መካከል ነበር። አንድ ቦታ ላይ ጎንበስ ብላ አለፈች። የድንኳን ገመድ ነበር፤ ከተነቀለ ስንት ዘመኑ።

«ገመዱ እኮ የለም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ያላወቀው ወገቤ ነው» አለች።

ኤዶ ነው የምላት። በሶማሊኛ አክስት እንደ ማለት ነው፤ በጅግጅጋ ከእኔ ጥቂት የሚበልጡ ሴቶች ሁሉ ኤዶ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ እያልኩ ሳስቸግራት «ከኋላዬ ስንት ሰው ቆሟል?» ብላ አስተወችኝ። አከራዬ ናት፤ ገበያ ውስጥ ዲራ የሚባለውን የሶማሌ ሴቶች ስስ ቀሚስና ሻርፕ ትሸጣለች። እኔ በ2010 ዓ.ም. ለማስተማር፣ ለአንድ ዓመት ብዬ መጥቼ የቀረሁ ሰው ነኝ። መጽሐፍ አነባለሁ፣ ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ፣ ብዙ ሰው በአንድ ድምፅ የተስማማበትን ነገር ስሰማ ሰውነቴን ያሳክከኛል።

እሷን ግን እምቢ ማለት አልችልም። በመጣሁበት ዓመት ክረምት ከተማዋ ስትታመስ፣ የግቢዋን በር ዘግታ ከውጪ በኩል በርጩማ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። እኔ ከውስጥ ነበርኩ። «ውስጥ ማን አለ?» ሲሏት ይሰማኛል። «እኔ ውጪ ነኝ፤ ውስጥ ማን ይኖራል?» ትላለች። ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አውርተን አናውቅም። ሻይ ግን አብረን እንጠጣለን፤ እሷ በግመል ወተት፣ እኔ ያለ ወተት፣ በዚህም ትንቀኛለች።

የሜዳ ፍየሉ ነገር የመጣው ድርቁ በከፋበት በ2014 ነው። ያኔ ከጅግጅጋ በየትኛውም አቅጣጫ የወጣ ሰው ያየውን አይቷል፤ መንገድ ዳር የተነጠፈውን ከብት፣ ቆዳ ብቻ የቀረውን ግመል፣ የሞተች ላሙን ጥሎ መሄድ አቅቶት አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው። ስለዚያ ዓመት አንድ ጽሑፍ ጀምሬ ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ተውኩት፤ ቃላቶቼ ሁሉ የሰቡ መሰሉኝ።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ወሬ መጣ። የአሮጌው ካምፕ ሜዳ ለአንድ የእርሻ ማኅበር ሊሰጥ ነው፤ በትራክተር ታርሶ ስንዴ ይዘራበታል። ነገሩን ጋዜጣ ላይ ባነበው ኖሮ እደግፈው ነበር። ሰው በተራበበት አገር ባዶ መሬት ይታረስ ሲባል የሚቃወም ሰው ጥጋበኛ ነው። ኤዶ ግን ወሬውን የሰማች ዕለት ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

ምክንያቱን ከዚያ በፊት አንዴ ብቻ ነግራኛለች። ከጦርነት ሸሽተው፣ ድንበር አቋርጠው ካምፑ የገቡት ገና ልጅ እግር ሳለች ነው። የበኩር ልጇን እዚያ ወለደች፤ ጥርስ ሳታወጣ በኩፍኝ ሞተችባት። እሷም በትኩሳት ራሷን ስታ ተኝታ ስለነበር ሕፃኗን ወስደው የቀበሩት ጎረቤቶች ናቸው። ስትነቃ «እዚያ ነው፣ ከውኃ ማደያው ወዲያ» ብለው አሳዩዋት። ድንጋይ አልተደረገበትም፤ በዚያ ሰሞን የሚቀበረው ብዙ ነበር። ተነሥታ መራመድ ስትችል ግን ውኃ ማደያው፣ ቦቴ መኪናው ቆሞ የሚያድልበት፣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር።

የሰው ሐዘን ከቦታ ጋር የታሰረ ነው ብለው የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ጥሩ አድርገው ይጽፉታል። ቦታው ራሱ በቦቴ መኪና ተጭኖ ሲሄድ ሐዘኑ የት እንደሚቆም የጻፈ ግን አላጋጠመኝም።

ወሬው በመጣ ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሱቋ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ማዓሊን» አለችኝ። መምህር ማለቷ ነው። «ዴሮ ምን ትበላለች?»

«ዴሮ ምንድን ናት?»

«የሜዳ ፍየል። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ። አንተ አይደለህ መጽሐፍ የምታነበው?»

«መጽሐፉ ሣር ትበላለች ይላል። ሜዳው ላይ ግን ሣሩ የለም። ምነው፣ ልታረቢ ነው?»

«ልጋብዛት ነው።»

ለሚስቱ ዲራ ሊገዛ የገባ፣ የዱር እንስሳት ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ነው የነገራት። የሜዳ ፍየል የሚሰማራበት መሬት ተከልሎ ይጠበቃል፣ ትራክተር አይገባበትም ብሏታል። ካምፑ በፈረሰ ሰሞን ዴሮዎች እዚያ ይመጡ እንደነበር ታስታውሳለች። ቀለብ ካገኙ ይመለሳሉ። ከተመለሱ ሜዳው ይከለላል። ከተከለለ ልጅቷ አትታረስም። እንደዚህ ነው ያሰላችው።

«ሰውየው ሚስቱን ሊያስደስት ወጥቶ አንቺንም አስደስቶ ነው የሄደው» አልኳት። «ለምን በቀጥታ መቃብር አለኝ አትያቸውም?»

«የት ነው ቢሉኝስ?»

«እዚያ ነው በያቸዋ!»

እጇን አነሣች። መቃብር ያለው ሰው በጣቱ ነው የሚያሳየው። እሷ መዳፏን ዘርግታ የግቢውን ግንብ ከዳር እስከ ዳር ጠረገችው።

በሌላው ዓለም ለአጋዘን ቀለብ የሚዘሩት በብዛት አዳኞች መሆናቸውን አንብቤያለሁ። ጥሩ ጥሩውን ዘርተው፣ ዛፍ ላይ መቀመጫ ሠርተው ይጠብቁታል፤ ጠግቦ ቀና ሲል ይተኩሱበታል። ቢያንስ ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ። የእኛ ግብዣ ከዚያ የባሰ ነበር፤ እኛ የምንጠራቸው ለምስክርነት ነው።

ለሥራው ሰው አስፈለገን። ሐርተሼክ ውስጥ የማውቀው አንድ አምሳ አለቃ አለ። የወሎ ልጅ ነው፤ ድንበር ለመጠበቅ መጥቶ፣ ከሠራዊቱ ሲሰናበት እዚያው አግብቶ የቀረ። ፍየሎች አሉት፣ ትንሽ ማሽላ ይዘራል፣ ሁለት ቋንቋ እኩል እየጮኸ ይናገራል፤ የአገሩ ሰው አስካሪ፣ ወታደሩ፣ ይለዋል።

«ለአውሬ ልዝራ?» አለ። «ሰው ተሰልፎ የእርዳታ ስንዴ እየተቀበለ እኔ ለአውሬ ልዝራ? ሊቁ፣ ጤና የለህም እንዴ? የእኔን ፍየሎች ጋብዙልኝ፤ እነሱም ሜዳ ላይ ነው የሚውሉት።»

«ስለት ነው» አለች ኤዶ።

ወሎ ያደገ ሰው፣ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ ስለት ሲባል ለምንና ስለ ምን ብሎ አይመረምርም። «ስለት ከሆነ ታዲያ ቀድማችሁ አትናገሩም?» ብሎ ዶማውን ሊያመጣ ሄደ። ስለ ልጅቷ አልነገረችውም። እሷ ያልነገረችውን እኔ አልነግረውም።

ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት። በማይታዩት ቤቶች መካከል እየታጠፈች ሄዳ «ውኃው እዚህ አካባቢ ነበር» አለች። አምሳ አለቃው መሬቱን በተረከዙ መታ መታ አድርጎ «ይሄ አፈር አይደለም፣ አስፋልት ነው» አለ። እውነቱን ነው። ያን ያህል ሰው ያን ያህል ዓመት የረገጠው መሬት ውኃ አያስገባም። ስለዚህ አፋቸውን ጎርፍ ወደሚመጣበት ያዞሩ፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ክትሮች ሠራን፤ የዘነበው ውኃ እዚያ ቆሞ እንዲሰርግ። ዶማው በወረደ ቁጥር ከአፈሩ ጋር ሌላ ነገር ይወጣል። የዘይት ቆርቆሮ። የላስቲክ ጫማ ሶል። ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ።

«በጣም አትቆፍር» ትለዋለች።

«ሥር እንዲሰድ እኮ ነው፣ ኤዶ!»

«ሥሩ ራሱ ይውረድ። አንተ አትውረድ።»

ዶማው ጠጠር ያለ ነገር ሲነካ ትከሻዋ ሽምቅቅ ይላል። ትንበረከክና አፈሩን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ታያለች፤ ቆርቆሮ መሆኑን አረጋግጣ ትነሣለች። አምሳ አለቃው ጠጋ ብሎ «ሴትዮዋ ዶማ ትፈራለች እንዴ?» አለኝ። «ሥራህን ሥራ» አልኩት።

የዘራነው አልፋልፋና ላብላብ የሚባለውን የመኖ ሐረግ ነው። እኔ ማሽላ ይሁን ብዬ ነበር፤ ለምለም ማሽላ ዝናብ ተቋርጦበት ሲጠወልግ የበላው ከብት ይሞታል ሲባል ተውኩት። ከመኪና ጎማ የተሠራ ገንዳ አስቀመጥን። ውኃው በአህያ የሚመጣው ከብርካ ነው፤ ብርካ እዚያ አገር የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ነው። አንድ አሞሌ ጨውም ድንጋይ ላይ አኖርንላቸው።

የቀረው ችግር የቤት ፍየል ነበር። ቡቃያ ብቅ ሲል የሰፈሩ መንጋ ሁሉ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። መፍትሔው ለእኔም ለአምሳ አለቃውም ግልጽ ሆኖ ታየን፤ ሁለታችንም የጓሮ ጎመን በሚታጠርበት አገር ነው ያደግነው። ኤዶ ጅግጅጋ በከረመችበት ሳምንት የግራር ቅርንጫፍ አስቆርጠን ዙሪያውን ክብ የእሾህ አጥር አጠርን። መግቢያ ተውንለት፤ ቀን መንጋ ሲሰማራ በቅርንጫፍ ይዘጋል፣ አመሻሽ ላይ መንጋው ወደ ቤቱ ሲገባ ለዴሮዎች ይከፈታል። በሥራችን ኮራን። አምሳ አለቃው በስልኩ ፎቶ አንሥቶኛል፤ ክንዴ ተቦጫጭሮ እስቃለሁ።

ኤዶ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ሜዳው መጣች። አጥሩን አንድ ጊዜ ዞረችው። ሻርፗን እሾህ ሲይዝባት ሳትጎትተው ቆማ ቀስ ብላ አላቀቀችው።

«አልወደድሽውም?» አልኳት።

«ማን እጠሩ አላችሁ?»

«ፍየሎቹ።»

«ሀዬ» አለች። እሺ ማለት ነው፤ ድምፅዋ ግን እሺ የሚል ሰው ድምፅ አልነበረም።

በ2015 በልግ ዝናቡ መጣ። ክትሮቹ ሞልተው ሰማይ አሳዩ፣ ከዚያ ውኃው ሰረገ፣ ከዚያ በዚያ ግራጫ ሜዳ ላይ አረንጓዴ ጨረቃዎች ወጡ። ከሩቅ ሲታይ አንድ ሰው ካርታ ላይ ቀለም የደፋ ይመስላል። አንድ ጠዋት አምሳ አለቃው መዳፉን ጨብጦ መጣና ፊቴ ላይ ዘረጋው። ጥቁር፣ ደቃቅ፣ ትኩስ በጠጥ።

«እንግዶቻችሁ መጥተው ሄደዋል» አለ። «ይኸው ምስጋናቸው።»

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ከአጥሩ ራቅ ብለን መሬት ላይ ተቀምጠን ጠበቅናቸው። መጀመሪያ አንዷ መጣች፤ መግቢያው ጋ ቆማ አንድ እግሯን አንሥታ ቀረች። ኋላ ሌሎቹ ተከተሉ። የእንስሳ ዐይን የሰው ዐይን ይመስላል በሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ እስቃለሁ፤ አይመስልም። እኔን የረበሸኝ ሲሰሙ ነው። ሲግጡ ቆይተው ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና ይላሉ፤ ጆሯቸውን ምንም ወደሌለበት ወደ አንድ ቦታ ያዞራሉ። እኔ የማልሰማውን ሰምተው፣ ክፉ አለመሆኑን አውቀው፣ እንደገና ያቀረቅራሉ። ይህን ደጋግመው አደረጉት፤ ሁልጊዜም ወደዚያው ወደ አንዱ አቅጣጫ።

ኤዶ ሲግጡ አላየቻቸውም። የምታየው ሲተኙ ነው።

«አየህ የት እንደተኛች?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ትናንትም እዚያው ነው ይላል አስካሪው። ደረቅ መሬት ላይ አትተኛም። የለሰለሰ አፈር ትመርጣለች።»

«ያለሰለሰው የአምሳ አለቃው ዶማ ነዋ።»

«ሂድና እይ» አለች። «እዚያ አልቆፈረም።»

በማግስቱ ሄጄ አየሁ። አልቆፈረም። በሁለት ክትሮች መካከል የቀረች፣ የሰው ክንድ የማትሞላ ቦታ ናት። በጫማዬ ተጫንኳት። ረገብ አለች። ደርዘን ምክንያት አውቃለሁ፤ የምስጥ ቤት፣ ከክትሩ የሰረገ ውኃ፣ የቆየ የድንኳን ጉድጓድ። ሁሉንም በልቤ ደረደርኩና እግሬን አነሣሁ። ወደ አምሳ አለቃው ቤት ስመለስ ብቻዬን ነበርኩ፤ ሜዳው እንደ ወትሮው ባዶ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ወደ ግራ መታጠፌን አወቅሁ። የሰው ቤት ላለመርገጥ።

የዱር እንስሳት ባለሙያውም አንድ ቀን በፒክአፕ መጣ። ፎቶ አነሣ፣ ጨዉን ነካ ነካ አደረገ፣ «ጥሩ ጅምር ነው» አለ። በአገራችን ጥሩ ጅምር የተባለ ነገር ሲያልቅ አይቼ አላውቅም። ሰውየውንም ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ችግሩ የመጣው ከአጥሩ ነው። በዚያ አገር ሜዳ ላይ ክብ የእሾህ አጥር ሲታይ ወይ ቤት ነው፣ ወይ የከብት በረት ነው፣ ወይ መቃብር ነው። ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን ግን አንድ ነገር ይናገራል፤ ይህ መሬት ባለቤት አለው። የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ የግጦሽ ሜዳ ላይ፣ ማኅበር ሊረከበው በተወራበት ዓመት፣ ሁለት ደገኞች እሾህ ጎትተን ባለቤት ነን ብለን ጮኸናል፤ ለጎመን መስሎን። ሳምንት ሳይሞላ ከእኛ አጥር አጠገብ ሌላ ክብ በቀለ። ከዚያ ሌላ። ሰው ከቀብሪ በያህ ድረስ እሾህ በአይሱዙ እየጫነ መጣ። ውስጣቸው ምንም የለም፤ አንዱ ውስጥ ብቻ አንድ ፕላስቲክ ወንበር አይቻለሁ። ዴሮዎቹ ከአጥሮቹና ከውሾቹ ብዛት መምጣት ተዉ። አልፋልፋው የሚበላው አጥቶ አበበ።

ሽማግሌዎች የተጠሩት አንድ ሰው በድንበር ጠብ በዱላ ተፈንክቶ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው። ሜዳው ላይ ጥላ ስለሌለ ባመጣቸው አይሱዙ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ተቀመጡ። ጥላው ሲሸሽ ሾፌሩ መኪናውን ያስጠጋላቸዋል። ንግግሩ በሶማሊኛ ነው፤ የሚያመልጠኝን አምሳ አለቃው በጆሮዬ ይሞላልኛል።

የሚመሩት ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ባለ አጥሮቹን እያስነሡ «ያንተ ምንድን ነው?» አሏቸው። አንዱ በረት ነው አለ። አንዱ ቤት ልሠራ ነው አለ። አንዱ ደግሞ ወደ እኛ እየጠቆመ «እነሱ አጠሩ፣ እኔም አጠርኩ» አለ።

«መጀመሪያ የታጠረው የማን ነው?»

አምሳ አለቃው ብድግ አለ። «የስለት ነው፣ አባቴ! ለዴሮ የተዘራ ነው።»

«አንተ አስካሪ፣ ለዴሮ ተስለህ ነው?»

«እኔ አይደለሁም፤ ኤዶ ናት።»

«ዴሮ ምን አድርጋላት? ባል አምጥታላት?»

ሳቁ ከምንጣፉ አልፎ እስከ ሾፌሩ ደረሰ። ኤዶ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች።

«የእንስሳ አይደለም» አለች። «የሰው ነው። ልጄ አለችበት።»

በጆሮዬ የነበረው ሹክሹክታ ቆመ። ዞር ስል አምሳ አለቃው አፉን በመዳፉ ይዟል። ዶማው የእሱ ነበር።

«የት ላይ ናት?» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

ወደ አጥሩ ገባች። በክትሮቹ መካከል አልፋ፣ ያቺ ያልተቆፈረች ቦታ ጋ ቆማ አንድ ጣቷን ወደ መሬት ዘረጋች።

«ስትቀበር ነበርሽ?»

«ታምሜ ነበር።»

«ድንጋይ ነበራት?»

«አልነበራትም።»

«ታዲያ እንዴት…» አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ። ሜዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። «የእኔም ሁለት አሉ» አሉ በመጨረሻ። «አንዱ ከውኃው በላይ፣ አንዱ ከውኃው በታች ነበር። ውኃው የት እንደነበር የሚያስታውስ አለ?»

ከተቀመጡትም ከቆሙትም ብዙ እጅ ተነሣ። ሁሉም የሚጠቁመው ወደ ተለያየ ቦታ ነበር።

«እንግዲህ ሜዳው ሁሉ መቃብር ነው» አለ አንዱ።

ከማኅበሩ ሰዎች አንድ ወጣት መለሰለት። «ሜዳው ሁሉ መቃብር ከሆነ እኛ የት እንኑር? የቆሙትም ርቧቸዋል እኮ።» በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ዓረፍተ ነገር እኔ በጻፍኩት እል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ገጥመው ተነጋገሩ። መኪናው አንዴ ተንቀሳቅሶ ቆመ። ከዚያ ባለ ቀይ ጺሙ ፈረዱ። «ይቺ ሴት ጣቷን ዘርግታለች። ከእኛ መካከል ይህን የደፈረ የለም። ስለዚህ ሙታናችን ሁሉ ከልጇ ጋር እዚህ አጥር ውስጥ ናቸው። ሌላው አጥር ሁሉ ይነሣ። ከዚህ አጥር ውጪ ያለው መሬት ነው፤ ይታረስ።»

እጆች ተዘረጉ፣ ዱአ ተደረገ። አንዲት አሮጊት ወደ አጥሩ ገብታ አልፋልፋው ላይ ተቀመጠችና ማንም የማያውቀውን ስም እየጠራች አለቀሰች። ፍርዱ ብልህ ነበር። ልቃወመው ሞክሬ መላ አጣሁለት፤ ይህ እኔ ላይ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሰው ሁሉ እየመጣ የኤዶን እጅ ይጨብጣል፣ ይባርካታል። እሷ ግን የምታየው ከአጥሩ ውጪ ያለውን ነው።

በመልስ መንገድ፣ ሚኒባሱ ቀብሪ በያህ ሲደርስ ነው የተናገረችው።

«ማዓሊን፣ ካልሆነስ?»

«ምኑ?»

«እዚያች ቦታ ካልሆነችስ? ሳልናገር ሜዳው ሁሉ የእሷ ነበር። እኔ ነኝ ያሳነስኩባት።»

«ሽማግሌዎቹ ወስነዋል፣ ኤዶ።»

«ሽማግሌ መሬት ይወስናል። እሷን ማን ጠየቃት?»

መልስ ነበረኝ። ሞት ቦታ አይመርጥም፣ አፈር ሁሉ አንድ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የሚቀር ነገር የለም። ሦስቱንም ልናገር አፌን ከፍቼ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞረው መልሴን ሲጠብቁ አይቼ መልሼ ዘጋሁት።

ትራክተሩ የመጣው ከቀጣዩ ዝናብ በፊት ነው። ኤዶ ሱቋን ዘግታ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አጥራችን ብቻውን ቀርቷል፤ ሰዎች አጠናክረውት፣ ድንጋይ ጨምረውበት። እሷ ወደዚያ አልሄደችም። ትራክተሩ የመጀመሪያውን ትልም ሲከፍት ከኋላው ገብታ መራመድ ጀመረች፤ ጎንበስ ብላ፣ የተገለበጠውን አፈር እያየች። እኔ በሚቀጥለው ትልም ገባሁ። ምን እንደምፈልግ አላሰብኩትም፤ እግሬ ገባ።

ሾፌሩ ከአርሲ የመጣ ጎልማሳ ነው። ዞሮ አያትና ሞተሩን ዝቅ አደረገ።

«እናት፣ ምን ጠፋብሽ?»

ቀና ሳትል «ወርቅ» አለች።

«ኧረ! ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?» አለ። ደግ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ በጣም ቀስ ብሎ ነዳ፤ በየመታጠፊያው ዞሮ ያያታል። ወሬው ግን ከትራክተሩ ፈጠነ። የማኅበሩ ሠራተኞች፣ መንገደኞች፣ ውኃ የጫኑ ሴቶች ሳይቀሩ በየትልሙ ገቡ። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ብዙ ሰው ጎንብሶ ነበር። ሁሉም አፈር በጣቱ እየበተነ፣ እየተሳሳቀ፣ ወርቅ ይፈልጋል። «የአንገት ነው የጆሮ?» እያሉ ይጠይቋታል። «ትንሽ ነው» ትላለች። «ነጭ ወርቅ ነው» አልኩ እኔ፤ ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አምሳ አለቃው ከሜዳው ዳር «እዚህ!» ብሎ ጮኸ። ወርቅ የሚለውን ወሬ ያላመነ ብቸኛው ሰው እሱ ነበር። መዳፉ ላይ የያዘውን በሌላው እጁ ከድኖታል። ኤዶ ሄደች፤ እየሮጠች አልነበረም። እጁን አነሣላት። ከጣት የማይበልጥ፣ አፈር የያዘው፣ ቀጭን ነጭ ነገር። ከአጥራችን በጣም የራቀ ቦታ ነው።

አነሣችው። በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ አገላበጠችው። ስንት መጽሐፍ አንብቤ የሕፃን አጥንትና የግልገል አጥንት በምን እንደሚለይ አላውቅም፤ ፊቷ ላይ ለማንበብ ሞከርኩ፣ እዚያም አልተጻፈም።

«የፍየል ነው» አለች።

አምሳ አለቃው እንባውን በክንዱ እየጠረገ «አዎ፣ የፍየል ነው» አለ። «የእኔ ፍየሎች እዚህ ነው የሚውሉት።»

እሷ ግን አጥንቱን አልጣለችውም። የሻርፗን ጫፍ አጠፈችበት፣ ቋጠረችው፣ ደግማ ቋጠረችው። ከሩቅ ሾፌሩ «ተገኘ እንዴ፣ እናት? ላቁም?» ብሎ ተጣራ።

«ገና ነው» አለችው። «ቀስ ብለህ ንዳ።»